ከበሩ እስከ መስኮቱ

ጥቅምት 6 ቀን

ለልጄ፣ ለመምህሯ፤

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አንዴ፣ ቤት ገብቼ መነጽሬን አጥልቄ ደግሞ አንዴ አነበብኩት። «እንዴት ሰነበትሽ» ሳልል ወደ ጥያቄሽ መንደርደሬን አትቀየሚኝ። ከስድስተኛ ክፍል ለወጣ ሰው የሳይንስ መምህርት «እርዳኝ» ብላ ስትጽፍለት ልቡ ቦታው ላይ አይቀመጥም። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ እኔም አብሬው አጉረመርማለሁ፣ እንግባባለን። ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ?

መጽሐፉ ሰበቃን «ሁለት የተነካኩ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንቀሳቀስ እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኃይል» ይለዋል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ልጆቹ ሸምድደውታል፣ ግን አልገባቸውም፤ ከቤት ከጎዳናው ምሳሌ ፈልግልኝ ብለሻል። እኛ በሥራ ላይ ፍትጊያ ነው የምንለው። ልጄ፣ እኔ እኮ አርባ ዓመት ቤተሰብ ያስተዳደርኩት ይህንኑ ኃይል ስገድል ነው። ሻካራውን ወለል በተበጠበጠ ስሚንቶ ለብጬ፣ በብረት ማለስለሻ አሽቼ፣ ሲደርቅ በድንጋይ ፈትጌ፣ በሰም ወልውዬ ሊሾ ማድረግ፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። «ዝንብ ያንሸራትታል» እስኪባል ድረስ። ሰፈሩ ስሜን ትቶ «ዝንቦ» ብሎኝ የቀረው በዚሁ አይደል?

እንግዲህ ቤት ውስጥ እየዞርኩ የለቀምኩት ይኸውልሽ። ክብሪት፦ የሳጥኑ ጎን ሻካራ ባይሆን እሳት የለም። የጫማ ክር፦ ቋጠሮው የሚጸናው ክር ከክር ስለሚፋተግ ነው፤ የሚያንሸራትት ቢሆን ሦስት እርምጃ ሳትሄጂ ይፈታል። ጓዳ ውስጥ የእናትሽን ፎቶ የተሸከመው ምስማርም በሌላ አልተያዘም፣ ግድግዳው ጨምቆ ይዞት ነው። ደግሞም የራስሽ ጠመኔ! ሰሌዳው ሻካራ ስለሆነ ጠመኔውን እየፋቀ ያስቀረዋል። የመስኮት መስታወት ላይ ይጻፉበት እስቲ፣ ያኔ ይገባቸዋል። የጫማዬንም ሶል ገልብጬ አየሁ፤ የግራው ተረከዝ ከቀኙ ይልቅ ተበልቷል። ለካ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አዘንብዬ ነው የሄድኩት፣ ማንም አልነገረኝም። ከጫማዬ ይልቅ የሚገርመኝ የሱፍ ካልሲዬ ነበር። ጫማ ውስጥ እንኳ አላደርገውም፣ ግን መርገጫው በየወሩ ይበሳ ነበር፤ እናትሽ ምንም ሳትል ትጥፍልኝ ነበር። አሁን አይበሳም። ምክንያቱን አንቺ በሳይንስ ፈልጊው።

አራተኛውን ጥያቄሽን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለእረፍት ልምጣ ያልሽውን በተመለከተ፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል። እስኪጠገን ታገሺኝ።

አባትሽ


ኅዳር 2 ቀን

የኔ እናት፤

ደብዳቤሽን ስጨርስ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ፤ ስለዚህ ተንበረከክሁ። ለፈጣሪ «አየህ አይደል?» ብቻ አልኩት፤ አንቺ በልጅነትሽ አዲስ ጫማ ሲገዛልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ «አየህ አይደል?» እንደምትዪው። በሚያዝያ መጀመሪያ አያት ልሆን! የኔን አፍንጫ እንዳይወስድ ጸልዪ። እናትሽ ብትኖር… ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጠባችን። ያን ስለ ጡብ የጻፍሽውን አላመንኩም ነበር። ጡብ በሰፊው ጎኑ ተኛ፣ በጠባቡ ጎኑ ቆመ፣ ለመጎተት የሚጠይቀው ኃይል አንድ ነው? ለውጥ የሚያመጣው ክብደቱ እንጂ የነካው ቦታ ስፋት አይደለም? አርባ ዓመት ከወለል ጋር ፊት ለፊት የኖርኩ ሰው ነኝ! ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ብነግረው፣

«ልጅህ ተሳስታለች» አለ።

«ልጄ አትሳሳትም፣ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው» አልኩት።

ከአትክልት ሻጯ ባለ ሞላውን መንጠልጠያ ሚዛን ተዋስን። ጡቡን በገመድ አስረን በሱቁ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ጎተትን። በሰፊው ጎኑ፣ የሚዛኑ ጠቋሚ ከአንድ ኪሎ ትንሽ አለፍ አለ። አቁመን ጎተትነው፤ እዚያው። «አንተ መጎተት መች ታውቃለህ፣ ወዲህ በል!» ብሎ ነጠቀኝ። እዚያው። ሁለተኛ ጡብ ስንጭንበት ነው እጥፍ የሆነው።

«እንግዲህ ሰውም የሚከብደው በያዘው ቦታ ሳይሆን በተሸከመው ነው» አለ፣ የክር ጫፍ እየላሰ። ይህ ሰው አንዳንዴ ሳያስበው ጥሩ ነገር ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ ያበላሸዋል። «ለምሳሌ አንተን ውሰድ። ያን የመሰለ ክፍል እያለህ ጓዳ ትተኛለህ፣ በጓሮ በር ትገባለህ። ወለሉን ካርቶን አልብሰህ ዘግተኸዋል፤ ብርድ ይመታዋል እንዴ?»

አንቺም ይህንኑ ጠይቀሽኛል። ማን እንደጻፈልሽ አውቄያለሁ፤ መርፌ ይዞ የዋለ ሰው ምላሱም ይሾላል። መልሱ ለሁለታችሁም አንድ ነው፦ አቧራ እንዳይበላው ነው።

እዚህ መጥተሽ ለመውለድ ያሰብሽውን አነበብኩ። ጣሪያው ተጠግኗል። አሁን ግን መንገዱን ለቧንቧ እየቆፈሩት ነው፤ ለነፍሰ ጡር አይመችም።

በሰላም ያገላግልሽ።

አባትሽ


ኅዳር 24 ቀን

አባዬ፣

የጡቡን ደብዳቤ ለክፍሉ አነበብኩላቸው። «መጽሐፉ ነው የተሳሳተው» የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ላይ መልስ ሲጠፋቸው «መጽሐፉ ተሳስቷል» እያሉ ይጽፋሉ። ያንተ ሥራ ነው! አንዷ ደግሞ በየጠዋቱ «ቲቸር፣ የዝንቦ ደብዳቤ አልመጣም?» ትለኛለች። ስምህ እዚህም ደርሷል።

ሳሉ ለቆኛል። እግሬ ስለሚያብጥ ሰሌዳው ፊት ወንበር አስቀምጠውልኛል። ባለቤቴ ረጅሙን የአውቶቡስ መስመር ይዞ በወር ሁለት ቀን ብቻ ነው ቤት የሚገባው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አረፍ ብዬ የቤታችንን ወለል አስባለሁ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ኩሬ ይመስል ነበር፣ ትዝ ይልሃል? እማዬ ስታልፍበት ከእግሯ ሥር ሌላ እማዬ ተገልብጣ ትሄድ ነበር። ልጄ ዓይኑን ሲከፍት መጀመሪያ ያን ብርሃን ቢያይ ብዬ እመኛለሁ።

አሁን ግን ልቆጣህ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ስትለኝ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቶ ነበር። መንገዱ ተቆፈረ ባልክበት ሳምንት የባለቤቴ ጓደኛ መኪናውን እስከ ደጃፍህ ነድቶ ነበር። ውሸት አትችልበትም፣ አባዬ። እማዬ «አባትሽ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል» ትል ነበር፤ ደብዳቤህም ይቀላል።

አራተኛውን ጥያቄም ሁለት ጊዜ ዘለልከው። ከባድ አይደለም እኮ፦ ሰበቃ ሲጠፋ ምን ጉዳት ይደርሳል? ካንተ የተሻለ የሚመልሰው ማን አለ?

አዋላጇ «ከየካቲት በኋላ ረጅም መንገድ አልፈቅድልሽም» ብላኛለች። ልምጣ ወይስ አልምጣ? አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ልጄ፤

ጆሮዬ ቀልቷል። አንድ ቃል ለመጻፍ ሦስት ሳምንት የፈጀ አባት ይቅርታ ይገባዋል ብለሽ ካሰብሽ ይቅር በዪኝ።

አራተኛውን ጥያቄሽን በሕልሜ መለስኩት። ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር።

ሰበቃ ከዓለም ላይ ተነሥቷል። ማንም አላወጀውም፣ ዝም ብሎ ሄደ። መጀመሪያ የሸሚዜ ቁልፎች አንድ በአንድ ከቀዳዳቸው ወጡ። የጫማዬ ክር ተፈታ። የፎቶው ምስማር ከግድግዳው እንደ ምላስ ወጣ፣ ፎቶው ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ወረደ። ለመውጣት እግሬን ባነሣ መሬቱ አልገፋኝም፤ ስረግጥ ስረግጥ እዚያው ነኝ። በመስኮት ሳይ ጎዳናው ሙሉ ሰው ይፈስሳል። ልብስ ሰፊው ከነወንበሩ፣ ከነስፌት መኪናው በደጄ አለፈ።

«እንደምን ዋልክ፣ ዝንቦ!» አለኝ።

«ወዴት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የሚያቆመኝ ጠፋ እኮ!»

የያዘው ጨርቅ ክር ክሩ ተለያይቶ እንደ ጉም ተከተለው። አትክልት ሻጯ ድንቾቿን ተከትላ አለፈች። የሚጮህ የለም። ሁሉም ሲያልፍ ኮፍያውን አንሥቶ ሰላም ይላል፣ ኮፍያውም ከጣቱ አምልጦ ለብቻው መንገዱን ይቀጥላል።

ዞር ስል እናትሽን አየኋት። በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ ትንሸራተታለች። ትስቅ ነበር። ልይዛት እጄን ብዘረጋ፣ እጇ በእጄ ውስጥ እንደ ሳሙና አለፈ። ነቃሁ።

ለልጆቹ ይህን አንብቢላቸው፣ እናትሽ ያለችበትን ግን ተዪው። ለምን እንደሳቀች አልገባኝም። ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በሕልሜ ስትስቅ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምናልባት እየታዘበችኝ ይሆናል። ቢሆንም የሚገባኝ ነው።

ስለ መምጣትሽ፦ መንገዱ ረጅም ነው፣ መኪናውም ያንገላታል። የባለቤትሽ አክስት ደግ ሴት ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቤታቸውም ቅርብ ነው አሉ። እዚያ ብትወልጂ አይሻልም?

ይህን ስጽፍ ጆሮዬን በእጄ ሸፍኛለሁ።

አባትሽ


ጥር 3 ቀን

አባዬ፣

እሺ። አክስቱ ዘንድ እሄዳለሁ። አልጋ አዘጋጅተውልኛል፣ መጋረጃ ሳይቀር አጥበዋል። የካቲት አጋማሽ ላይ እነሣለሁ። ከእንግዲህ ልምጣ ብዬ አልጠይቅህም፤ ለእረፍትም ቢሆን።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን የክፍሉን ቁምሳጥን አስገፋኋቸው። ስምንት ሆነው ገፉት፣ ወይ ፍንክች! ከዚያ ድንገት ሲነሣ ሦስቱ ብቻ በቁት፤ አምስቱ በአፍጢማቸው ሊደፉ ነበር። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። የቆመን ነገር ለማስነሣት የሚጠይቀው ኃይል፣ ከተነሣ በኋላ ለማስኬድ ከሚጠይቀው ይበልጣል።

እማዬ ካረፈች ወዲህ ውስጥህ የቆመ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ብቻዬን ገፋሁ፣ ገፋሁ፤ አልቻልኩም።

ልጅህ


ጥር 14 ቀን

ልጄ፤

ሰላምታዬን ከደብዳቤው መጨረሻ ፈልጊው። መጀመሪያ ላይ ካስቀመጥኩት እዚያው ተደላድዬ እቀራለሁ።

ትናንት ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ዘግቼው የነበረውን ክፍል ከፈትኩ። ካርቶኑን ሁሉ አነሣሁ። ላደርገው ላሰብኩት ሥራ በሩ አካባቢ ባዶ መሆን ስለነበረበት፣ እዚያ የቆመውን የእናትሽን ቁምሳጥን ወደ መስኮቱ ልገፋው ትከሻዬን ሰጠሁት። አልተነቃነቀም። ደገምኩ። «ጌታዬ፣ ይቺን ብቻ አግዘኝ» አልኩ። ተነሣ። ከተነሣ በኋላማ በዚያ ወለል ላይ እንደ ጀልባ ሄደ፤ እኔ ነኝ ልይዘው የሮጥኩት። ያቆመው የመስኮቱ ግድግዳ ነው። እንግዲህ እኔም እንደ ቁምሳጥኑ ልሁን።

እናትሽን የገደላት የኔ ሥራ ነው።

«ወደቀች» ብቻ ነው ያልኩሽ። እንዴት እንደወደቀች አልጠየቅሽኝም፣ እኔም ዝም አልኩ። ያን ሰሞን ወለሉን ሁለት ጊዜ በሰም ወልውዬው ነበር። ለሦስተኛ ስነሣ እናትሽ «ይበቃል፣ አንተ ሰውዬ! ሰው ነን እኮ፣ ዝንብ አይደለንም» አለችኝ። ሳቅሁና ደገምኩት። ለምን? እንግዳ ገብቶ «ወይ ዝንቦ!» እንዲለኝ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለግሁ፣ የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጸሎት ሄጄ ነበር። እኔ ተንበርክኬ የሌላውን ቀን ኃጢአቴን ስቆጥር፣ የዚያ ሳምንቱ ቤቴ ውስጥ ተነጥፎ ይጠብቀኝ ነበር። ስመለስ ከበሩና ከመስኮቱ መካከል ወድቃ አገኘኋት። የኔን የሱፍ ካልሲ አድርጋለች፤ በርዷት ኖሯል፣ ምስኪን። ዳሌዋ ተሰብሯል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም፣ አዳለጠኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋ ላይ በቆየችባቸው አራት ወራት አንድ ቀን እንኳ የወለሉን ነገር አላነሣችም። ይቅር ብላኝ ነበር ወይስ አዝናልኝ? ጠይቄ መስማት እየቻልኩ ሳልጠይቃት ሄደች።

አሁን አንቺ ሆድሽ ገፍቶ፣ እግርሽ አብጦ፣ በዚያ ወለል ላይ ስታልፊ ባሰብኩ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ሌላ ካርቶን እደርብ ነበር። አትምጪ ያልኩሽ በዚህ ነው እንጂ ላንቺ ቦታ ጠፍቶ አይደለም።

ነገ መሮና መዶሻዬን አወጣለሁ። ከበሩ ጀምሬ ወለሉን እፈለፍለዋለሁ፣ እግር እስኪይዝ ድረስ። የምትወጂው ኩሬ ይጠፋል፤ ብርሃኑም እንደ ድሮው አይሆንም። ይቅር ካልሽኝ ነዪ። ካልቻልሽ አክስቱ ዘንድ ሂጂ፣ አልቀየምሽም።

ሰላምታዬ ይኸው፦ እንዴት ነሽ፣ ልጄ?

አባትሽ


ጥር 24 ቀን

አባዬ!

አትፈልፍለው! ፖስታው ስለሚዘገይ ይህን በባለቤቴ ጓደኛ እጅ ሰድጄዋለሁ። ከመሮው ይቅደምልኝ።

በእማዬ አልጋ አጠገብ የማልኩትን ላፈርስ ነው። እግዚአብሔርም እሷም ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ ካልሲህን ያደረገችው በርዷት አይደለም። ልትንሸራተት ነው።

ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ፣ አንተ ሥራ ስትወጣ በሩን ዘግተን፣ ያንተን የሱፍ ካልሲ አድርገን እንንሸራተት ነበር። ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ በአንድ ትንፋሽ። ካልሲው የግድ ያንተ መሆን ነበረበት፤ የኛ ስስ ነው፣ አይሄድም። በየተራ በመስኮት ኮፍያህን እንጠብቃለን። «ኮፍያው መጣ!» ሲባል ካልሲው ወደ መሳቢያ፣ እኛ ወደ ሥራችን። አንድ ቀን ቀድመህ መጥተህ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ስናለከልክ ስታገኘን «ወለል እየወለወልን ነው» ያለችህን ረሳኸው? አሁን ካልሲህ ለምን እንደሚበሳ በሳይንስ አገኘሁልህ።

ካገባሁ በኋላ ብቻዋን ቀጠለች። የመጨረሻ ደብዳቤዋን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለራስህ አንብበው። «አባትሽ ሦስተኛ ሊወለውለው ነው። አፌ ይበቃል ይለዋል፣ ልቤ ግን ድገመው፣ ድገመው ይላል። ከመስኮቱ ግድግዳ በፊት መቆም እያቃተኝ ነው!» ትላለች። ስልሳ ዓመቷ ነበር፣ አባዬ።

ስትታመም ልጠይቃት የመጣሁ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ሳበችኝና «ሰውየው ጉልበቱን የጨረሰበትን ወለል መጫወቻ አደረግሁበት። ቢሰማ ሥራዬን ተሳለቀችበት ይላል። ደግሞስ አሮጊቷ ስትንሸራተት ወደቀች ከሚባል፣ በርዷት ነበር ይባል። ማዪልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። አንተ ራስህን እንደምትከስ እኔ በምን ልወቅ? አትምጪ የምትለኝ ፊቴ ፊቷን ስለሚመስል ማየት ከብዶህ ነው እያልኩ ነበር።

በሕልምህ ለምን እንደሳቀች ገባህ?

እስከ የካቲት አሥራ አምስት መልስህን እጠብቃለሁ።

ልጅህ


የካቲት 1 ቀን

የኔ እናት፤

ደብዳቤሽ አልቀደመም። የባለቤትሽ ጓደኛ፣ ሹፌሩ፣ ሲያንኳኳ መሮው እጄ ላይ ነበር፣ ፀጉሬም በስሚንቶ አቧራ እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጥቷል። አሥራ ሁለት ቀን ስፈለፍል ቆይቼ የቀረኝ ቁምሳጥኑ የቆመበትና ከጎኑ እስከ ጥጉ ያለው ቦታ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው በየቀኑ በበሩ ብቅ እያለ «ሐውልትህን በገዛ እጅህ!» እያለ ሲያላግጥብኝ ከርሟል።

ያንቺን አነበብኩ፣ የእናትሽንም አነበብኩ። «ድገመው፣ ድገመው» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ሹፌሩ ደንግጦ በሦስት ብርጭቆ ውሃ አመጣልኝ።

ልዋሽሽ አልችልም፣ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ፦ ሦስተኛው ሰም ያው ሦስተኛው ሰም ነው። በፈጣሪ ፊት ይዤው እቀርባለሁ። ቀለለ እንጂ አልጠፋም። አሁን ግን ስንበረከክ ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ በቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ደስታ ነበር፣ የኔ ኮፍያ ሲታይ ግን መሳቢያ ይገባ ነበር። ሰው ሳቁን የሚደብቅብኝ ሰው የሆንኩት መቼ ነው? አንድ ቀን ኮፍያዬን አውልቄ ቀስ ብዬ ብገባ ኖሮ! እናትሽ ትደነግጥ ይሆናል፤ ከዚያ ግን ካልሲውን ትሰጠኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ካልሲው የኔ አይደል?

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁምሳጥኑን ልገፋ ሞከርኩ። በፍልፍሉ ወለል ላይ በጄ አልል አለ፤ ልብስ ሰፊውን ጠራሁት።

«መጀመሪያውን ወደዚህ ባታመጣው ምን ነበረበት?» እያለ ገፋ።

«መጀመሪያው ግፊት ነው የሚከብደው፣ ዝም ብለህ ግፋ!»

«ይህንንም ልጅህ ነገረችህ?»

ተነሣ። ከሥሩ የቀረው ወለል እንደነበረ ነው። በመስኮቱ ሥር፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል፣ ርዝመቱ አራት እርምጃ። ፀሐይ ገብታበት ነበር። ኩሬ አይባልም፤ ሰው ተሸክሞ ሲያልፍ ያፈሰሰው ውሃ ያህል ነው። ጎንበስ ስል ከታች አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ ወደ እኔ መጣ።

የሱፍ ካልሲዬን ከመሳቢያው አውጥቼ አደረግሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«በሩ ላይ ቁምልኝ። ኮፍያ ያደረገ ሰው ሲመጣ ካየህ ንገረኝ።»

«ኮፍያ ያደረግከው አንተ ነህ እኮ!»

አወለቅሁና ሰጠሁት። ከዚያ አንድ እጄን በመስኮቱ ደፍ ላይ አድርጌ ሄድኩ፤ አራት እርምጃ፣ ሳልራመድ፣ በአንድ ትንፋሽ። ጉልበቴ አላጉረመረመም። ዞር ብል፣ ልብስ ሰፊው አጎንብሶ የጫማውን ክር እየፈታ ነው።

ስለዚህ ነዪ። የተፈለፈለው ወለል እግርሽን አጥብቆ ይይዛል፤ በባዶ እግሬ ከጥግ እስከ ጥግ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። አልጋሽን በሩ አጠገብ ዘርግቻለሁ፣ ብርሃኑ ከሩቅ እንዲታይሽ። የመስኮቱን ሥር ግን እስክትወልጂ አትረግጪም፣ ትሰሚኛለሽ? ያቺ ቁራጭ ሕፃኑ እግሩ እስኪጠና ትቆያለች። ሰም አልጨምርባትም።

ለባለቤትሽ አክስት መጋረጃ ላጠቡበት አመስግኚልኝ፣ ይቅርታም ጠይቂልኝ።

የሱፍ ካልሲ ያለኝ አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ልብስ ሰፊው አልመልስም ብሎኛል። ካልሲ ይዘሽ ነዪ።

አባትሽ